ባህር ዳር ላይ ካያክና ሳይክል በአንድ ቀን፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት

ባህር ዳርን ካየሁ 11 ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ ከሙኒክ ለሦስት ሳምንት ነው የመጣሁት። ሀሳቤ ጠዋት በካያክ (በትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ) ከጣና ዳር ተነስቼ አባይ የሚወጣበት ደብረ ማርያም ድረስ ቀዝፌ፣ ከዛ በሳይክል ጢስ አባይ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ማታ በመኪና መመለስ ነበር። እዛ ኢዛር ወንዝ ዳር በየክረምቱ የማደርገው ነው፣ አገሬ ላይማ አያቅተኝም አልኩ።

ሀይቅ ዳር ያለ አንድ አስጎብኚ (ስሙን ትቼዋለሁ) ለእኔና ለአክስቴ ልጅ ካያክ፣ ሳይክል፣ ጋይድ፣ የመመለሻ መኪና ጨምሮ 9,000 ብር አለን፣ ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ላክሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተቀጣጠርን። ጣና ጠዋት ነው ጸጥ የሚለው፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከተነሳ ማዕበሉ ለካያክ አይሆንም። በሰዓቱ ስንደርስ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው። ስደውል "ጊዮርጊስ ጋ ደርሻለሁ" ይለኛል፣ ከጊዮርጊስ እኮ በእግር 10 ደቂቃ ነው፣ ሰውየው ብቅ ያለው 3 ሰዓት ከሩብ! ይቅርታ እንኳ ሳይል "ፓስፖርትሽ የየት ነው?" አለኝ። የጀርመን ስለው ለካ የውጭ ዜጋ ዋጋ ሌላ ነው፣ ላይፍ ጃኬቱም ለብቻው ነው፣ ሂሳቡ 12,500 ገባ። የአክስቴ ልጅ ተናዶ ቀብዱን መልስ ቢለው "ቀብድ አይመለስም"። እዛ ቢሆን የጻፉልህን ዋጋ ነው የምትከፍለው፣ አንድ ሳንቲም አይጨምሩም። ቀኔ እንዳይበላሽ ብዬ ከፈልኩ፣ ሞኝ በሉኝ።

ውሃው ላይ ስወጣ ግን ንዴቴ ሁሉ ጠፋ፣ ደንገሉ፣ ወፉ፣ የልጅነቴ ሽታ፣ እንባዬ መጣ። ጋይዱ ዝም ብሎ ወደ ደንገሉ ሲመራን አንድ በታንኳ እንጨት የጫኑ አባት ከሩቅ ጮሁብን፣ "እህታለም፣ በዛ በኩል ጉማሬ አለ፣ ይች ፕላስቲክ አትችላትም!" ጋይድ የተባለው አያውቅም፣ እሳቸው ናቸው ከፊት ከፊት እየቀዘፉ ያሳለፉን። እግዜር ይስጣቸው። የምትሄዱ ሰዎች፣ አባይ አፍ ላይ ጉማሬ አለ፣ አባይ ከጣና ሲወጣ ካለው ከጨረጨራ ግድብ በታች ደግሞ በካያክ እንዳታስቡት።

ከውሃ ስንወጣ 7 ሰዓት አልፏል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የኔ ሳይክል ፍሬን አይይዝም። መንገድ ዳር ያሉ አንድ ጎሚስታ በሩብ ሰዓት አስተካክለው 50 ብር ብቻ ተቀበሉኝ፣ ጨምሬ ብሰጣቸው "በቃ ነው ያልኩሽ" ብለው መለሱልኝ። ጢስ አባይ ግን አልሆነም፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን አባይን ከላይ አይተን ተመለስን። የሄድነው ጥቅምት ላይ ስለሆነ ፏፏቴው የሚሞላበት ጊዜ ነበር እኮ፣ በበጋ ውሃው ለመብራት ስለሚሄድ እንደዚያ ሞልቶ አይታይም።

ሳይክል ከፈለጋችሁ ከተማ ውስጥ ለብቻው ተከራዩ፣ ፍሬኑን ራሳችሁ ሞክሩት፣ የጢስ አባይ መንገድ ሰላም መሆኑን እዛው ያሉትን ጠይቁ። ዋጋውን ላይፍ ጃኬት ጭምር ብሎ በጽሑፍ ይላክላችሁ። መኪናውን ስላልተጠቀምንበት የሱን ብር መልስ ብዬዋለሁ፣ "ነገ" አለኝ፣ ይኸው አምስት ቀን።