ኳድ ኢኤስኤል 63 ደብረ ብርሃን ላይ፦ በገናው ሙሉ ነው፣ ከበሮው ግን ሆድ የለውም

እነዚህን የእንግሊዙ ኳድ ኩባንያ ኢኤስኤል 63 ስፒከሮች ከጥቅምት ጀምሮ እቤቴ ሳሎን ውስጥ እየሰማኋቸው ነው፣ አሁን ሰኔ ገብቷል፣ ስለዚህ የምጽፈው የመጀመሪያ ሳምንት ሞቅታ አይደለም። እንግሊዝ ሃያ አመት የኖረው ያክስቴ ልጅ ጠቅልሎ ሲመጣ ይዟቸው መጣ፣ አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም አልበቃ ብሎት እኔ ወሰድኳቸው። ለሁለቱ ከነአምፑ (ከነድምፅ ማጉያው) የከፈልኩት ብር እዚህ ገበያ ላይ ሁለት የሚታለቡ የፈረንጅ ላሞች ይገዛል። ትንሽ ገንዘብ እንዳልሆነ ከአሁኑ እወቁት ብዬ ነው።

ለማያውቃቸው ሰው፣ ኤሌክትሮስታቲክ (ባጭሩ ኢኤስኤል) የሚባሉት እኛ የለመድነው አይነት ስፒከር አይደሉም። ማግኔት የለም፣ የወረቀት ኮን የለም፣ ሳጥንም የለም። ያለው በጣም ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ውፍረቱ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ፣ ከፀጉር በብዙ የሚቀጥን። እሱ ሁለት የተበሳሱ ሳህኖች መሃል ተወጥሮ ይቆማል፣ ከ5 ሺህ ቮልት በላይ ይሞላል፣ ሙዚቃው ደግሞ በትራንስፎርመር ከፍ ተደርጎ ሳህኖቹ ላይ ይመጣል፣ አንዱ ሲስበው ሌላው ይገፋዋል። ፕላስቲኩ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ተነስ ሲሉት ይነሳል፣ ቁም ሲሉት ይቆማል፣ እንደ ወፍራም ኮን እየተንገዋለለ አይቀርም። ልዩነቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኳድን የመሰረተው ፒተር ዎከር የመጀመሪያውን ኢኤስኤል ያወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የዚህኛውን ስራ በ1963 ጀመረ፣ ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1981፣ 18 አመት ፈጅቶ ማለት ነው፣ 63 የሚለው ቁጥርም ከዚያው የመጣ ነው። ያን ሁሉ አመት የወሰደችው ሃሳብ ታምራለች። ሳህኖቹ እንደ ቀለበት አንዱ ባንዱ ውስጥ ተከፋፍለዋል፣ ድምፁ መጀመሪያ መሃል ይደርስና ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ወደ ውጪኞቹ ቀለበቶች ይሄዳል፣ ኩሬ ውስጥ ጠጠር ስትጥል ሞገዱ እንደሚሰፋው። ጆሮ ድምፁን ከስፒከሩ 30 ሴንቲ ያህል ወደ ኋላ ካለች አንዲት ነጥብ የመጣ አድርጎ ነው የሚሰማው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በገና ይደረድር ነበር፣ በዓቢይ ጾም ማታ ማታ። እዛ ክፍል ውስጥ ስላደግኩ በገና ቤት ውስጥ ምን አይነት ድምፅ እንዳለው ጆሮዬ ያውቀዋል፣ ስፒከር የምፈትነውም በሱ ነው። በካሴት የቀዳው አንድ ሰዓት የሚሆን አለ፣ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጬዋለሁ። በገናን በተራ ስፒከር የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል፣ ስፒከሩ የተቀደደ ነው የሚመስለው። ያ ንዝረት የሚመጣው ከእንዝራው ነው፣ ጅማቱና በርኩማው (ጅማቶቹ የሚያርፉበት እንጨት) መሃል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ጅማቱ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካካ ያነዝረዋል። መኪና ውስጥ ከፍቼው አብሮኝ የተሳፈረ ሰው «ስፒከርህ ተበላሽቷል እኮ» ያለኝ ጊዜ አለ።

እነዚህ ላይ ግን ንዝረቱ እንደየጅማቱ ነው። የወፍራሙ ጅማት ሻካራና ዘገምተኛ ነው፣ የቀጭኑ ጠበቅ ያለ፣ ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ አይደበላለቁም፣ ጣቱ ጅማቱን ከለቀቀ በኋላ ንዝረቱ እስኪነሳ ያለችው ቅፅበት ራሷ ትሰማለች። የካሴቱ ሹሹታ ደግሞ አልጠፋም፣ ግን ከበገናው ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል፣ አይሸፍነውም። አባቴ ሶስተኛዋን ጅማት ከሌሎቹ ላላ አድርጎ የሚቃኝ መሆኑን ረስቼው ነበር፣ በነዚህ ነው ያስታወስኩት። ለኔ የገንዘቡ ዋጋ እዚህ ላይ አልቋል።

በታህሳስ ታላቅ አጎቴ ከመሐል ሜዳ ለህክምና መጥተው አንድ ሳምንት እኛ ጋ አረፉ። መሪጌታ ናቸው፣ ስለ ስፒከር ምንም አያውቁም፣ ስለ ድምፅ ግን እኔ የማላውቀውን ያውቃሉ። የማህሌት ቅጂ ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙ፣ ቆይተው በስተቀኝ በኩል ወደ ባዶው ግድግዳ በጣታቸው እያሳዩኝ «እዚህ ጋ ያለው ልጅ ጸናጽሉን ሁሌም ትንሽ አዘግይቶ ነው የሚጥለው፣ ልብ በል» አሉኝ። ልብ ብዬ ሰማሁ፣ እውነት ነው፣ ያን ቅጂ ለአመታት ስሰማው አስተውዬው አላውቅም። ከዛ ከበሮው ገባ። ትንሽ ሰሙና «ድምፁ አለ፣ ከበሮው ግን ሆድ የለውም» አሉ።

ስለነዚህ ስፒከሮች ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ነገር የተናገረ ሰው አልገጠመኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሳጥን ስለሌላቸው ፊት ለፊት የሚወጣው ድምፅ ወደ ኋላም እኩል ይወጣል፣ ግን በተቃራኒው፣ ፊቱ ሲገፋ ኋላው ይስባል። ቀጭን ድምፅ ላይ ችግር የለም። የወፍራም ድምፅ፣ ለምሳሌ የ50 ኸርዝ፣ ሞገድ ግን ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ነው፣ የስፒከሩን ጠርዝ በቀላሉ ዞሮ የኋላው ከፊቱ ይገናኝና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ታዲያ በገናውም እኮ ወፍራም ነው፣ እሱ ለምን ሙሉ ሆነ? እንዝራው ነው መልሱ። ንዝረቱ ከስሩ፣ ማለትም ከመሰረቱ ወፍራም ድምፅ፣ ከፍ ከፍ የሚሉ ብዙ ድምፆች ይፈጥራል፣ ጆሮ ከነሱ ተነስቶ ስሩን ራሱ ይሞላዋል። ከበሮው ይሄ የለውም፣ ያለው ያው ድም የሚለው ሆዱ ነው፣ እሱ ሲቀነስ የሚተርፈው ቆዳውን የነካው መዳፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትሰሙት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ የሰው ድምፅ፣ በገና ከሆነ እነዚህን የሚያህል ነገር አልሰማሁም። የዘመኑን የጭፈራ ሙዚቃ በቤዝ ለመስማት ከሆነ አይሆኑም፣ በግልፅ እላለሁ አትግዟቸው።

አቀማመጥ ላይ ብዙ ተሰቃይቻለሁ። መጀመሪያ ግድግዳ አስጠግቼ ስላቆምኳቸው ከኋላ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ሁሉን አተረማመሰው። ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል ሳርቃቸው ተስተካከለ፣ ከኋላቸው ደግሞ ከመንዝ ያመጣሁትን ሁለት ባና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣ የበግ ፀጉር ድምፅ እንዲህ ይውጣል ብዬ አልገመትኩም ነበር፣ ለዚህ ተብሎ ከሚሸጥ ስፖንጅ ያነሰ ስራ አልሰራም። ከመሬትም በ30 ሴንቲ የእንጨት መቆሚያ ከፍ አድርጌያቸዋለሁ፣ የሰው ድምፅ ያኔ ነው ከወገብ ወደ አፍ የወጣው። ምርጡ መቀመጫ ግን አንድ ነው፣ መሃል ያለው፣ ሁለተኛው ሰው ጥሩ ይሰማል፣ ሶስተኛው እንዲሁ ሙዚቃ ይሰማል።

አሁን የምናገረውን ደጋ የሚኖር ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ቮሊዩም ከፍ ሳደርግ፣ በተለይ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲያዜም፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ እየሰማሁ ወዲያው ሙዚቃው ለትንሽ ይቋረጥ ነበር። ያ መቋረጥ መከላከያው ነው፣ ውስጥ ብልጭታ ሊነሳ ሲል ያውቅና ሲግናሉን ይዘጋዋል፣ ፕላስቲኩ እንዳይበሳ። ግን ለምን እዚህ ቶሎ ይነሳል? አየሩ ነዋ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፣ አየራችን ባህር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ይሳሳል፣ በሳሳ አየር ውስጥ ደግሞ ብልጭታ በትንሽ ቮልት ይዘላል። ስፒከሮቹ የተሰሩት እንግሊዝ አገር ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ባለችው ሃንቲንግደን ከተማ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ቅዳሜ ሁለቱን በዝተት ጠቅልዬ በጓደኛዬ ዶልፊን ጫንኳቸውና በጣርማ በር ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋሮቢት ወንድሜ ቤት አደረስናቸው። እዛ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ያው አምፕ፣ ያው ሲዲ፣ እዚህ ጠቅ የሚልበትን ቦታ የቮሊዩም ቁልፉ ላይ በማርከር ምልክት አድርጌበት ነበር። ምልክቷ ላይ ደረስን፣ ምንም የለም። አለፍናት፣ አሁንም ምንም። በደንብ ካለፍናት በኋላ ነው አንዴ ጠቅ ያለው። ወንድሜ በሙቀቱ በር ከፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ከፈትነው። እዚህ እቤቴ ግን ከምልክቷ በታች ነው የምሰማው፣ 4 በ5 ሜትር ለሆነች ሳሎን ይበቃል፣ ሰፊ አዳራሽ ያለው ደገኛ ግን አይበቃውም።

ስለ ጭስም ልናገር። ፕላስቲኩ ቻርጅ ስላለው አቧራና ጭስ ይስባል። መከላከያ ስስ ላስቲክ በሁለቱም በኩል አለው፣ ግን እኛ ቤት ዕጣን አለ፣ በብርድ ጊዜ ከሰል አለ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ቡናው ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል፣ ሳሎን ውስጥ ከሰል አይገባም፣ በውቂያ ሰሞን ደግሞ በአቡጀዲ እሸፍናቸዋለሁ። ብርዱን በጋቢ ነው የምንችለው።

መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ የመጣ ጊዜ አንዱ ድምፁ አንሶ በጣም ደነገጥኩ። አዲስ አበባ አንድ ጥገና ቤት ደወልኩ፣ ሳያዩት ሜምብሬኑ (ስሱ ፕላስቲክ) መቀየር አለበት አሉኝ፣ ብዙ ብርም ጠሩ። ሰክቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ከሌላው እኩል ሆነ። ቻርጁ ካለቀበት ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል፣ በቃ። ሳትሰሙም ሰክታችሁ ተዉት፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፣ ስታቢላይዘር ግን ግዴታ ነው። ደግሞ አደራ፣ ራሳችሁ እንዳትከፍቱት፣ ከ5 ሺህ ቮልት በላይ ነው ያልኩት።

አምፑ ኳድ 405 ነው፣ በአንድ ቻናል 100 ዋት፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሳይጨነቅ ይነዳቸዋል። በትንሽ ርካሽ አምፕ ሞክሬያቸው ነበር፣ ቀጭን ድምፅ ላይ ስፒከሩ ብዙ ከረንት ስለሚጠይቅ አምፑ በሩብ ሰዓት ውስጥ እጅ የማያስነካ ሆነ፣ አቁሜዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት መስማት ከፈለጋችሁ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጆሯችሁ የሚያውቀውን ቅጂ ይዛችሁ ኑ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ያለው ወፍጮ ሲዘጋ። ክረምቱ ሳይጠነክር ግን ይሁን፣ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ምንም መስማት አይቻልም።