ሽታ ያለው ጽጌረዳ ለደሴ፣ ሽታ ያለው ጽጌረዳ ለኮምቦልቻ፦ የትኛውን ልግዛ?

እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች፣ እኔ ደሴ። ባለፈው ጥቅምት ቡና ልትጠጣ መጥታ በረንዳው ላይ ቁጭ እንዳለች አፍንጫዋን ወደ ግቢው አዞረች።

«አንተ ልጅ፣ የኔ ጽጌረዳ እኮ ምንም አይሸትም። ምን ብታጠጣው ነው እንዲህ የሚያውደው?»

«እታለም፣ ያው ውሃ ነው። ነገሩ ከዘሩ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። እሷ የተከለችው ከሰርግ እቅፍ አበባ ላይ ቆርጣ ያበቀለችውን ነው። ቀይ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ሲያሸቱት ባዶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «እሺ፣ የትኛውን ልግዛ?» እያለች ትደውላለች። ጎረቤቶቿም በእሷ በኩል ያስጠይቃሉ። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

የማወዳድረው አራት ዓይነት ነው። የእንግሊዝ ጽጌረዳ የሚባለውን፣ ሽታ ያለውን ሃይብሪድ ቲ፣ ከአበባ እርሻ የሚወጣውን የእቅፍ ጽጌረዳና የራሳችንን የዱር ጽጌረዳ፣ ቀጋን። ግን አበባውን ብቻ ማወዳደር አይበቃም፤ ከተማውም አለበት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ይህ ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ሙቀት ያመጣል። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጃኬት ማውለቅ ይቻላል። ጽጌረዳ ግን የሚያወልቀው ጃኬት የለውም።

የእንግሊዝ ጽጌረዳ

ስሙ የጥንት ቢመስልም አበባው የቅርብ ነው። ዴቪድ ኦስቲን የተባለ እንግሊዛዊ የድሮዎቹን የአውሮፓ ጽጌረዳዎች ሽታና ቅርጽ ወደደ። እነሱ ግን አብዛኞቹ በዓመት አንዴ ነው የሚያብቡት። ስለዚህ ደጋግመው ከሚያብቡት ዘመናዊዎቹ ጋር አዳቀላቸው። የመጀመሪያው «ኮንስታንስ ስፕራይ» በ1961 ወጣ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እሱም ቢሆን በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብብ ነበር። ዓለም የሰማቸው በ1983 «ግራሃም ቶማስ» የተባለው ቢጫ ሲወጣ ነው። ሰውየው በ2018 አረፈ፣ ዝርያዎቹ ግን አሁንም አዳዲስ ይወጣሉ።

ሲያዩት የሚለየው በመጨናነቁ ነው። አንድ አበባ ውስጥ ብዙ ቅጠል ታጭቆ እንደ ስኒ ይከፈታል። አንዳንዱ ከመቶ በላይ አለው። ተክሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሳይሆን ክብ ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ አበባ ባይኖረው እንኳ ግቢ ውስጥ ያምራል።

ሽታው ላይ ትንሽ ልቆይ። የእንግሊዝ ጽጌረዳ አንድ ሽታ የለውም። «ገርትሩድ ጄኪል» የምትባለው ሮዝ ቀለም ያላት፣ በ1986 የወጣችው፣ ጽጌረዳ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣውን ያንን ጥንታዊ ሽታ ነው የምትሰጠው፤ የጽጌረዳ ውሃ ሸትቶት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። «ግራሃም ቶማስ» ወደ ሻይ ቅጠል ያደላል። «አብርሃም ዳርቢ» ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። ከሁሉ የሚገርመኝ የከርቤ ሽታ አላቸው የሚባሉት ናቸው። እኛ ከርቤን እናውቀዋለን አይደል? እነዚህ አበቦች ግን የኛን ከርቤ አይሸቱም፣ ወደ እንስላል ነው የሚሄዱት። «ከርቤ ይሸታል» የሚል ጽሑፍ አንብባችሁ ብትገዙ «ተታለልኩ» እንዳትሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ሽታ ጭራሽ አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ፣ እህቴ «መድኃኒት ነው» ትላለች።

አሁን ጉዱ። ይህ ሁሉ የታጨቀ ቅጠል ዝናብ አይወድም። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሲተኛ፣ እምቡጡ ውሃ ጠጥቶ ውጪኛው ቅጠል ይጣበቃል። ከዚያ ሳይከፈት ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። የተከፈተውም ከብዶት አንገቱን ይደፋል። እኔ በክረምት ከእንግሊዞቹ ምንም አልጠብቅም። እምቡጡን እየቆረጥኩ እጥላለሁ፣ ተክሉ ጉልበቱን ለመስከረም ያስቀምጥ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ግን ካሳው ነው። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ። አበባው ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀለሙ ይጠልቃል፣ ተክሉ ላይም ይቆያል።

ኮምቦልቻ ላይስ? ይበቅላል፣ ያብባል። ግን ሙቀት ሲበረታ አበባው ያንሳል፣ የአበባ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ጠዋት የተከፈተው ከሰዓት ይዝላል። ሽታውም በሙቀት ቶሎ ተኖ ያልቃል። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ሽታውን የምታገኙት ማለዳ ነው። ደሴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማለዳ ብርዱ ሽታውን ይዞት ይቆያል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትነካው ነው የሚለቀው።

ሽታ ያለው ሃይብሪድ ቲ

ይህ ብዙዎቻችን ጽጌረዳ ብለን የምንስለው ነው። ረጅም አገዳ፣ አንድ ትልቅ አበባ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ እምቡጥ። የዚህ ወገን መጀመሪያ ተደርጎ የሚቆጠረው በ1867 የወጣው «ላ ፍራንስ» ነው። ሃይብሪድ ቲ ሁሉ አይሸትም፤ የሚሸተው ግን ጉድ ነው። «ሚስተር ሊንከን» በ1964 የወጣ ጥቁር ቀይ ነው፣ አንድ ፍሬ ክፍል ይሞላል። «ደብል ዲላይት» በ1977 የወጣ፣ ክሬም ሆኖ ዳር ዳሩ ቀይ፣ ቅመም ያለው ሽታ አለው። «ፓፓ ሜላን» ሽታው ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። ግን ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው በሽታ ይወደዋል፣ ስለዚህ ለደሴ ብርዳም ሌሊት አልመክረውም።

ከእንግሊዙ ጋር ጎን ለጎን ሳቆመው፦ ሙቀት ይችላል። የአበባ ቅጠሉ ስለማይታጨቅ ዝናብም ብዙ አይጎዳው። ለመቁረጥ ይመቻል፤ አገዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጠርሙስ ውስጥም ይቆማል። የእንግሊዙ አብዛኛው ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ጠረጴዛ ላይ ይረግፋል። በሌላ በኩል ሃይብሪድ ቲ አበባ ከሌለው እንጨት ነው። ከታች ባዶ፣ ከላይ ቅጠል። የግቢ ማስዋቢያ ብላችሁ አትግዙት። ፀሐይም አብዝቶ ይፈልጋል፣ በቀን ስድስት ሰዓት። የእንግሊዙ በአራት አምስት ሰዓት ይብቃቃል፣ የጎረቤት ፎቅ ግማሽ ቀን ለሚጋርደው ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእቅፍ አበባው

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ላኪ ናት። የዝዋይና የሆለታ እርሻዎች የሚያመርቱት ጽጌረዳ የተመረጠው አገዳው እንዲረዝም፣ አውሮፕላን እንዲችል፣ ጠርሙስ ውስጥ ሳምንት አልፎ እንዲቆይ ነው። አዳቃዮቹ ለዕድሜው ሲሉ ሽታውን ችላ አሉት። በተጨማሪ የለመደው ላስቲክ ቤት ውስጥ ነው፤ ውጭ ሲወጣ ይታመማል። ከእቅፍ ላይ ቆርጦ ማብቀል ነፃ ነው፣ ደስም ይላል፣ ልጆች ይማሩበታል። ለሽታ ከሆነ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። እህቴን እዚህ ላይ ነው የማጣው፤ «አበባው ግን ያምራል» ትላለች። ያምራል፣ አልካድኩም።

ቀጋ

ቀጋን የማይሸጥ ስለሆነ ላልፈው ነበር። ግን ጎን ለጎን ካልቆመ ንጽጽሩ ይጎድላል። አምስት ነጭ ቅጠል፣ መሐሉ ቢጫ፣ ሽታው ቀለል ያለና ንጹሕ። ሲያፈራ ልጆች የሚበሉት ቀይ ፍሬ ይሰጣል። ውሃ አይለምንም፣ መድኃኒት አያውቅም። እሾሁ ደግሞ አጥር ነው፣ ሌባም ፍየልም አያልፈውም። ገጠር ቦታ ላለው ሰው እንደ ቀጋ ያለ የለም። ለጠባብ ግቢ ግን አትሞክሩት፤ ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ተክል ነው፣ ልብስ ማስጫውንም ይወርሳል። በዚያ ላይ አበባው እንደ እንግሊዙ ደጋግሞ አይመጣም።

ታዲያ ማን የቱን ይግዛ?

ደሴ ላይ መሬት ያለው ሰው፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘ፣ ያለ ጥርጥር እንግሊዙን ይግዛ። የከተማው ብርድ ለእሱ የተሠራ ነው። አንድ ከሆነ ጠንካራ ሽታ ያላትን ሮዝ፣ ሁለት ከሆነ ቢጫ ይጨምር። ቦታው ዋልካ ከሆነ ግን ከመትከላችሁ በፊት ጉድጓዱን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ፣ በበሰለ ፍግና በአሸዋማ አፈር ቀይሩት። በዋልካ ላይ የክረምቱ ውሃ ሥሩን ቆሞ ያሰጥመዋል። ከተቻለ ትንሽ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት።

ኮምቦልቻ ላይ መጀመሪያ ሃይብሪድ ቲ፣ ከዚያ እንግሊዝ። እንግሊዝ ካማራችሁ የአበባ ቅጠሉ ያልበዛውን ምረጡ፤ «ሌዲ ኦቭ ሻሎት» የምትባለው ብርቱካናማ ከጥቅጥቆቹ ይልቅ ሙቀት ትችላለች። የከሰዓት ጥላ የሚያገኝ ቦታ ስጧት፣ ከግድግዳና ከቆርቆሮ አጥር አርቁ። ቆርቆሮ ግንቦት ላይ ምድጃ ነው። በደረቁ ወቅት ቀይ ሸረሪት የሚሏት ደቃቅ ተባይ በቅጠሉ ጀርባ ትራባለች፤ ቅጠሉ ነጠብጣብ ይዞ ገርጥቶ ካያችሁት ገልብጣችሁ እዩ። መጀመሪያ ላይ በውሃ ጀርባውን ማጠብ ብዙ ይረዳል። ደሴ ላይ ደግሞ ጠላቱ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ቅጠል እርጥብ ሆኖ ብዙ ሰዓት ሲቆይ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ስለዚህ ማታ ላይ ቅጠል አታርጥቡ፣ የወደቀውን ቅጠል ልቀሙና አስወግዱ። ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ሁለቱም ከተማ ይመጣል፤ በጣት ጨፍልቁት።

ውሃ በየቀኑ ለማይመጣበት ሰፈር፦ አንድ የደረሰ ተክል በበጋ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተክል ያጠጣል። በየቀኑ በኩባያ ከመርጨት በሳምንት አንዴ ጠልቆ የሚገባ ይሻላል። ኪራይ ቤት ከሆናችሁ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አኑሩት፣ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ማሰሮ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀን በቀን ማየት ያስፈልጋል።

ስትገዙ

ዋጋ አልጽፍም፣ ሳይደርቅ ይቀየራል። ግን ከገንዘብ በላይ የሚያስቆጨኝን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት «የእንግሊዝ ነው» ተብዬ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጣበቀ አንድ ችግኝ ገዛሁ። ሳይሸት ገዛሁ፣ ምክንያቱም አላበበም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቆንጆ አበባ ሰጠኝ። በሁለተኛው ከሥሩ ረጃጅም ቀንበጥ አወጣ፣ እኔም «በረታልኝ» ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የበረታው የታችኛው ሥር ነው፣ የሌላ ጽጌረዳ! የላዩን ዋጠው። አሁን ከመጣበቂያው እብጠት በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ከመነሻው እገነጥላለሁ።

ስለዚህ ሲያብብ ግዙ። መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ነው። ግማሽ የተከፈተ አበባ ፈልጉና ረፋዱ ላይ አሽትቱ። የተዘጋ እምቡጥና አርጅቶ የተበታተነ አበባ አይፈርዱም። ስም የሌለው ችግኝ ብዙ ነው፤ ስም ካጣችሁ አፍንጫችሁን እመኑ። እጣን በሚጨስበት ቤት አጠገብ ግን አታሽትቱ፣ አቦሉም በረካውም አልፎ አፍንጫ ምንም አይለይም።

ለገና እንዲደርስላችሁ የምትፈልጉ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግረዙት። ከተገረዘ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ያብባል። ኮምቦልቻ ወደ ስድስቱ፣ ደሴ ወደ ስምንቱ ይጠጋል፤ ስለዚህ ደሴዎች ትንሽ ቀደም በሉ።

እህቴ በመጨረሻ ሁለቱን ያዘች። ስም የሌለው፣ ጥቁር ቀይ፣ ሽታው ከበር የሚቀበል ሃይብሪድ ቲ አገኘች። ከኔ ግቢ ደግሞ የሮዟን ቁራጭ ወሰደች፣ «ካልሆነ ትሞታለች» ብያት። የእቅፉን አልነቀለችውም፣ ከበሩ ራቅ አድርጋ አዛወረችው። ቅዳሜ ፍግ ይዤ ልውረድላት ነው።