ትንሹ ሸክላ ወይስ ትልቁ?

የምትወዱት የኢንዱስትሪያል ሮክ ባንድ አንድ ነጠላ ዘፈን በውስን ቅጂ አወጣ እንበል። ባለ 7 ኢንቹን ሸክላ ትገዛላችሁ ወይስ ባለ 12ቱን?

እኔ ለማዳመጥ ከሆነ ያለማመንታት 12ቱን። የአሜሪካው የኢንዱስትሪያል ሮክ ባንድ ናይን ኢንች ኔይልስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ዳውን ኢን ኢት»ን በ12 ኢንች ጭምር አውጥቷል። የቺካጎው ሙዚቃ አሳታሚ ዋክስ ትራክስም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስሙን የተከለው በእነዚህ ትልልቅ ነጠላዎች ነው። ምክንያት አለው። የዚህ ሙዚቃ ከበሮ የፋብሪካ መዶሻ ነው። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ሲጠነክር ሸክላው ላይ የተቀረጸው መስመር ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። 7 ኢንች ላይ፣ በደቂቃ በ45 ዙር፣ በአንድ ገጽ ከ5 ደቂቃ በላይ ከጫኑበት ድምፁ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ ደግሞ ጊታሩ መሻከር ይጀምራል። (መሻከሩ ያምርበታል የሚል ካለ አልጣላም።) ረጅም ሪሚክስማ ትንሹ ላይ አይታሰብም።

ትንሹ ግን ያሳሳል። ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ለእኛማ ትዝታም አለው፤ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚያን የአዲስ አበባ ዘፈኖች ያወጣው በዋናነት በዚህ መጠን ነው። ባለቀለም ወይም ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ ለሰብሳቢ ይበቃል።

ብቻ መሃሉን እዩት። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ማጫወቻው ላይ የሚገባውን ክብ ፕላስቲክ አብራችሁ ግዙ፤ ያለዚያ ሸክላው እየተንገዋለለ ይዞራል።