ፔናንግ ላይ የበላሁት ቻር ኩዌይ ቲያው
ማሌዥያ ውስጥ ፔናንግ ደሴት ላይ ያለችው ጆርጅ ታውን ከተማ፣ መንገድ ዳር አንዲት ጋሪ ላይ ቻር ኩዌይ ቲያው በላሁ፣ በሆክየን (የደቡብ ቻይና ቋንቋ ነው) ቻር ማለት የተጠበሰ፣ ኩዌይ ከሩዝ የተሰራ ቂጣ ነገር፣ ቲያው ደሞ ረዘም ያለ ቁራጭ ነው፣ ስሙ ራሱ አሰራሩን ይነግራችኋል እኮ። ቃሉም ምግቡም ከደቡብ ቻይና ስደተኞች ጋር የመጣ ነው። ሰውዬው ብረት ድስቱን እስኪጨስ ያግለውና ጠፍጣፋውን ኑድል፣ ሽሪምፕ፣ እንቁላል፣ ቡቃያ፣ የአኩሪ አተር ሶስ እየወረወረ ደቂቃ ሳይቆይ ያወጣዋል፣ ያ ጭስ ጭስ የሚል ጣዕም ነው ዋናው። ኑድሉ ልስልስ ብሎ ጫፉ ላይ ትንሽ አረር ያለ፣ በጣም አሪፍ! ግን ግማሽ ሰዓት ተሰልፌ ሽሪምፑ ሁለት ብቻ? በ10 ሪንጊት ሰስቶብኛል። ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚጠበስ የማትበሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።