ዋትኮ ዴኒሽ ኦይልን በ50 ዓመት ስፒከር ላይ ሞከርኩት

ባለፈው ወር እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ጥንድ ዳይናኮ ኤ-25 ስፒከር አገኘሁ። ለማታውቋቸው፣ ዴንማርክ ተሠርተው በዳይናኮ ስም አሜሪካ ይሸጡ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ወደ 1970 አካባቢ የማይገኙበት ሳሎን አልነበረም ማለት ይቻላል። ቁመታቸው 20 ኢንች ነው፣ ባሱ 10 ኢንች። ድምፃቸውን ገና ሳልሰማ ነው የወደድኳቸው፣ ቤት ወስጄ ስከፍታቸው ደግሞ ባሰብኝ። እንጨቱ ግን ያሳዝን ነበር። ዋልነት ነው፣ ደርቆ ነጣ ብሏል። አንደኛው አናት ላይ የብርጭቆ ክብ አለ፣ ሌላኛው ላይ የአበባ ማሰሮ የተወው ጥቁር ነጠብጣብ።

ለዚህ ብዬ ነው ዋትኮ ዴኒሽ ኦይል የሚባለውን የእንጨት መቀቢያ ዘይት የገዛሁት፣ ናቹራል የሚለውን፣ ትንሿን ባለ 1 ፓይንት ቆርቆሮ። ውጤቱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን ለሁሉም ስፒከር አይደለም፣ እና ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆርቆሮውን ከመክፈታችሁ በፊት ስላለው ነገር ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ እንጨት መሆኑን አረጋግጡ። የዚያ ዘመን ስፒከር ሁሉ እንጨት የለበሰ አይደለም። ትልቁ አድቬንት ለምሳሌ በእውነተኛ ዋልነትም፣ የእንጨት መልክ ባለው ፕላስቲክም ይሸጥ ነበር፣ ፕላስቲኩ በረከስ ይል ነበር። የፕላስቲኩ መስመር የታተመ ስለሆነ አንድ ዓይነት ቅርፅ ተመልሶ ተመልሶ ይመጣል። ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ ስቲከር ይነሳል። ፕላስቲክ ላይ ዘይት ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው፣ ለስለስ ባለ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና ተዉት።

እንጨት ከሆነ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ላዩ ላይ ምን አለ የሚለው ነው። ስፒከሩን ገልብጡና ከታች፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ውስጥ ከገባ እንጨቱ የተቀባው ዘይት ብቻ ነው። እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ከቀረ የደረቀ ሽፋን አለው ማለት ነው። ያኔ ጥጥ አልኮል ነክራችሁ እዚያው ስውር ቦታ ላይ ያዙት፦ ከለሰለሰና ከተጣበቀ አናጢዎቻችን ጎማላካ የሚሉት ነው። አልኮል ካልነካው የላኬር ቲነር ሞክሩ፣ በእሱ ከሟሟ ላኬር ነው። ሁለቱም ካልነኩት እንደ ፖሊዩረቴን ያለ ጠንካራ ቫርኒሽ ነው። የእኔዎቹ ጠብታውን ወዲያው ጠጡት፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ማጽዳት። ውሃ አላበዛሁም፣ ከሥሩ ያለው ቺፕውድ ስለሆነ ውሃ ከገባበት ያብጣል። ሚኒራል ስፒሪት በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ የነከርኩት ነጭ ጨርቅ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ የሃምሳ ዓመት የሲጋራ ጭስና የቤት ዕቃ ማብሪያ ስፕሬይ ነው። እባካችሁ እነዚያን ስፕሬዮች ተዉ፣ ብዙዎቹ ሲሊኮን አላቸው፣ ሲሊኮን የገባበት እንጨት ደግሞ በኋላ ልትቀቡት ስትፈልጉ ቀለሙ ዓይን ዓይን እየሠራ ይሸሻል።

የብርጭቆውን ክብ በባለ አራት ዜሮ፣ ማለትም በጣም በላመው የብረት መፈግፈጊያ ሽቦ ማሸት ይቻላል፣ ሰዉም የሚመክረው እሱን ነው። እኔ ግን ስፒከር ላይ አልጠቀምበትም። የሽቦው ብናኝ በማግኔቱ ተስቦ ኮኑ ውስጥ ከገባ የድምፅ ጥቅልሉን ይፍቃል፣ ያን ጊዜ እንጨቱ አምሮ ድምፁ ይበላሻል። ስለዚህ ግራጫውን የላስቲክ መፈግፈጊያ፣ በጣም የላመውን ገዛሁ፣ የስፒከሩንም ፊት በላስቲክ ሸፍኜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ቀስ ብዬ ከዘይት ጋር አሸሁት። ክቡ ጠፋ። በብርጭቆ ወረቀት ግን አትድፈሩ! የእንጨቱ ልብስ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። አንድ ጓደኛዬ በማሽን ሲፍቅ ጠርዙ ላይ ቺፕውዱ ብቅ አለበት፣ ለዚያ መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ ዘይቱ። አቀባቡ ቀላል ነው፦ በጨርቅ በደንብ ታጠጡታላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ የጠጣው ቦታ ላይ ትደግማላችሁ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ የቀረውን ሙልጭ አድርጋችሁ ትጠርጋላችሁ። ያልተጠረገ ዘይት ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ መጥረጉ ላይ አትሰስቱ። ሁለቱን ስፒከር ቀብቼ የቆርቆሮው ግማሽ እንኳ አላለቀም። ቀለሙ ሲመለስ ማየት በጣም ያስደስታል፣ ያ የነጣው እንጨት ልክ እንደ አሮጌ የዋንዛ ቁም ሳጥን ሞቅ ያለ ቡናማ ሆነ። ናቹራሉን መምረጤ ትክክል ነበር። ጠቆር ያለውን የመረጠ ሰው መልሶ ማንጣት አይችልም። አንደኛው ስፒከር ግን መስኮት አጠገብ ኖሮ ነው መሰለኝ አሁንም ትንሽ ነጣ ይላል፣ ዋልነት በፀሐይ ይነጣል፣ ይህን ዘይት አይደብቀውም።

ሽታው ይከብዳል። ወደ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ቆየብኝ፣ መስኮት ከፍቼም። ሌላው ቅር ያለኝ የተከፈተ ቆርቆሮ ውስጥ አየር ሲገባ ዘይቱ እየወፈረ መሄዱ ነው፣ ስለዚህ ትንሿን ነው መግዛት ያለባችሁ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙኝ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። እኔ ውሃ ውስጥ ነክሬ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዘግቼ ነው ያስወጣሁት። ልጆች ያላችሁና አፓርታማ የምትኖሩ ይህን እንዳትዘነጉ።

ረከስ ይበል ብላችሁ የተልባ ዘይት የምታስቡ ካላችሁ፣ ለእንጨት የተዘጋጀውን፣ ቦይልድ የሚለውን ነው የምትፈልጉት፣ እሱም ከዋትኮ ዘግይቶ ይደርቃል። ለምግብ የሚሸጠው ጥሬው የተልባ ዘይት ሳምንታት ይፈጅበታል። የወይራ ዘይት ደግሞ ከነጭራሹ አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስብና ይሻግታል።

ጥቁሩ ነጠብጣብ አልወጣም። ብረትና የእንጨቱ ታኒን ተገናኝተው የሠሩት ነው፣ ኦክሳሊክ አሲድ ያስለቅቀዋል፣ ግን በዙሪያው ያለውንም ሊያነጣ ስለሚችል ተውኩት። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን ለሽታው ቀነስኩ። የእናንተ ስፒከር ላኬር ወይም ጎማላካ ከሆነ ግን ይህን ዘይት አትግዙ፣ ላዩ ላይ ቀርቶ ያጣብቃል እንጂ አይገባም። ለእሱ በስሱ የተቀባ የእንጨት ሰምና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃዋል።