ለአባቴ ቮልስ ነፍስ የዘሩባት የማርቆስ መካኒክ

ደብረ ማርቆስና አካባቢው አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ እኚህን ሰው እወቋቸው። ምስጋናዬን ለብቻቸው ብነግራቸው አልበቃ ስላለኝ ነው በአደባባይ የምጽፈው።

አባቴ አንዲት ቮልስ ትቶልኝ ነው ያረፈው። በፈረንጅ የ1971 ስሪት፣ ባለ 1300 ሞተር። ግቢያችን ቆማ 11 ክረምት ዘንቦባታል። እኔ ደግሞ ሆት ሮድ የሚባለው ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን ወስዶታል። አሜሪካኖች እንደ 1932ቱ ፎርድ ያለውን አሮጌ መኪና ጣሪያውን ዝቅ አድርገው፣ ጉልበት ያለው ሞተር አስገብተው የሚሠሩት ማለት ነው። ቮልሷን እንደዚያ ላደርጋት 400 ሺህ ብር አጠራቀምኩ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ቀብድ ተቀብሎ ሞተሩን አወረደ። ከዚያ ሰባት ወር ዝም። ሳወጣት ግማሹ ቡሎን የለም።

ጋሼ (ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ እንዲሁ ጋሼ ልበላቸው) መኪናዋን ገና ሳያዩ “ሊብሬው የታለ?” አሉኝ። ሞተር ከተቀየረ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጨርስ አሉኝ። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ቀጥለው ደብተር አወጡ። “የት ልትነዳት ነው?” አዲስ አበባ ድረስ አልኳቸው።

“እንግዲያማ አባይን ትወርዳለህ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በዚህ ታምቡር ፍሬን ላይ ትልቅ ሞተር ጭነህ? ልጄ፣ መጀመሪያ መቆሟን፣ ከዚያ መሮጧን።”

ቡና እየጠጣን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፍን። ከ400 ሺው ላይ መጀመሪያ 100 ሺውን ለይተው “ይህን እንደሌለህ ቁጠረው። አሮጌ መኪና ሲፈታ ያልታሰበ ይወጣል” አሉ። ወጣም። የኋላ ወንበሩ ሲነሳ ባትሪው የተቀመጠበት ወለል በጣት የሚበሳ ሆኖ ተገኘ። ያ ብር ባይኖር ኖሮ ቮልሷ ዛሬም ተፈታትታ ነበር የማገኛት።

የቀረውን በተራ አስቀመጡት። ፍሬንና መሪ፣ ወለሉ፣ ሞተሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ቀለም መጨረሻ። ቀለሙን እናስቀድም ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ከቀለም በኋላ በያጅ ከገባ ቀለሙ ይቃጠላል። ልክ ነበሩ። ጣሪያ መቁረጡንም አስተዉኝ፣ አሁን ደስ ብሎኛል። ፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን ገባላት፣ ከዚያ ባለ 1600 ሞተር። የተገዛው ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ አለው። ቡሎኑ ሁሉ በቲማቲም ጣሳ፣ ላዩ ላይ የየት እንደሆነ ተጽፎበት።

አንድ ነገር ለቮልስ ባለቤቶች። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞረው ፋን ነው። ያው ቺንጋ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞም ያዞራል። ስለዚህ የቻርጅ መብራቱ በድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ “ትንሽ ልሂድ” የሚባል ነገር የለም፣ እዚያው ቁሙ። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ወር እናቴን አሳፍሬ አባይን በሁለተኛ ማርሽ ወርጄ ወጣሁ። እናቴ ጎሃ ጽዮን ላይ ስልክ ተቀብላኝ ራሷ መረቀቻቸው።

አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ሊብሬያችሁን ያዙ፤ መጀመሪያ እሱን ነው የሚጠይቋችሁ።