የጄት ጀልባ ፓምፕ፦ ቀለበቱን መቀየር ወይስ ኢምፔለሩን?

ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፤ ጀልባው ግን እንደ ድሮው አይፈተለክም። ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ ኢምፔለር (ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ክፍል) ሊገዛ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ቀለበቱን እዩ እላለሁ። ኢምፔለሩን የከበበው ቀለበት በአሸዋና በጠጠር ይበላል። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ከዚያ በክንፉ ጫፍና በቀለበቱ መካከል ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ቀጭን የብረት ቅጠል) አስገቡ። ክፍተቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ከደረሰ ውሃው በጎን ወደ መጣበት ተመልሶ ያመልጣል፤ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ቀለበት ደግሞ ከኢምፔለር በጣም ይረክሳል።

የማይዝግ ብረት ኢምፔለር ጥቅሙ ሌላ ነው። ክንፉ ከአሉሚኒየሙ ሊቀጥን ይችላል፣ ጠጠርም ቶሎ አያጎድፈውም። ፒቹ (የክንፉ ዝንባሌ) ከፍ ሲል ፍጥነት ይጨምራል፤ መነሻ ላይ ግን ለሞተሩ ይከብደዋል። ሞተሩ ጉልበት ለተጨመረለት ጀልባ ያዋጣል። በተበላ ቀለበት ውስጥ ከተገጠመ ግን ያው ውሃ ማምለጡን ይቀጥላል።